በስልክ የተደመጠ ሞተር

መካኒኩ እንግዳ ዓይኑን ያጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። ጎፋ ባለችው ጋራዡ ውስጥ ቻርጅ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ፈንድቶ አሲዱ ፊቱ ላይ ተረጨበት። ሁለት ወር ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ያለፈ አልቀረለትም። ሰፈሩ ጋራዡን ይሸጣል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ቤቱ በገባ በሦስተኛው ቀን ቱታውን ለብሶ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ሄደና ሥራ ጀመረ።

ሮበሌ የሚባለው የቆየ ሠራተኛው እጁ ሆነለት። ዓይኑ የሆነችው ሚስቱ ፀሐይወርቅ ናት። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ማታ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤት ሳትገባ በቀጥታ ጋራዥ ትመጣና መብራቱን ይዛ ሞተር ላይ ታጎነብሳለች።

"ዘይቱ ምን ይመስላል?" ይላታል።

"ወተት የገባበት ሻይ።"

"እንግዲያው ውሃ ገብቶበታል። ሮበሌ፣ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን ፍታው።"

ጆሮው ግን ከበፊቱም በላይ ሰላ። የጎፋና የሳሪስ መካኒኮች ግራ ያጋባቸውን መኪና እያስነሱ ደጁ ላይ ያቆሙለታል። እሱ አንድ ክንድ የሚያህል ብሎን መፍቻ ካቻቢቴ ያነሳና ጫፉን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ "ከሆዱ ኩሽኔታው አልቋል" ወይም "ከላይ ባልቦላው ላልቷል" ሲል ክርክር የለም፤ ሲፈታ ያው ነው።

ቤታቸውን ያቆመው ግን ጋራዡ ብቻ አልነበረም። ከሀና ማርያም ወዲያ ካለው የድንጋይ ማውጫ እየጫነች የምታራግፍ አሮጌ አይሱዙ ነበረቻቸው። በ1991 ግንቦት ላይ ሾፌሩ ራዲያተሩ ውሃ ጨርሶ ሲጨስ እያየ "ትንሽ ነው የቀረኝ" ብሎ እስከ ከተማ ነዳት። ሞተሩ ነደደ። እንግዳ ሞተሩን በጣቱ ሲዳብስ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አገኘና እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀመጠ።

"ይኼ አይበየድም" አለ። "ሌላ ሞተር ነው የሚያስፈልጋት።"

ከተማው ውስጥ የተጠየቁት ዋጋ መኪናዋን ራሷን የሚገዛ ነበር። ያን ሰሞን ነው ዚነት የተባለችው ጎረቤታቸው ነገሩን ያነሳችው። ዚነት በየወሩ ዱባይ እየተመላለሰች ልብስና ጫማ የምታመጣ ነጋዴ ናት። "ሻርጃ የሚባል አለ፣ ዱባይ አጠገብ" አለቻቸው። "ሜዳ ሙሉ ሞተር ነው። እንደ ድንች ተቆልሎ ይሸጣል። የሚያውቅ ሰው ይምጣ እንጂ በግማሽ ዋጋ ይገዛል።"

ፀሐይወርቅ ከፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀነስ የተሰጣትን ገንዘብ አልነካችውም ነበር። የዕቁብም ተጨመረበት። የቀረው ማን ይሂድ የሚለው ነው።

"ሮበሌ ይሂዳ" አለ እንግዳ።

"ሮበሌ ከሄደ ጋራዡን ማን ይሠራዋል? እኔ እሄዳለሁ።"

"አንቺ ሞተር ልትገዢ?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ የማየው ምን መሰለህ?"

እንግዳ ራሱን ነቀነቀ። "ማየቱን ታያለሽ። ሞተር ግን በዓይን አይገዛም። ቀብተው፣ አጥበው፣ አዲስ አስመስለው ያቆሙታል። እኔ ሳልሰማው አንድ ሳንቲም አታወጪም።"

"ትሰማዋለህ።"

"ከሻርጃ?"

"በስልክ።"

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከጋራዡ ፊት ለፊት ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠው ቀጄላ የእንግዳ የልብ ጓደኛ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ስልክ ያለው ሱቅ የእሱ ብቻ ነበር። ወደ ውጭ አገር መደወያ አልተከፈተለትም እንጂ ከውጭ ሲደወል ይቀበላል። ፀሐይወርቅ ተሻግራ ጠየቀችው።

"ስልኩ ቀኑን ሙሉ የእንግዳ ነው" አላት ቀጄላ። "ወንበር አወጣለታለሁ። አንቺ ብቻ ደውይ።"

*

በሰኔ ወር በአንዱ ቅዳሜ ከዚነትና ከሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ጋር ዱባይ ገባች። መመለሻዋ የሚቀጥለው እሑድ ነው። ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ሙቀቱ የምድጃ በር እንደተከፈተ ፊቷን መታት። አራቱም አንድ ክፍል ተከራይተው ሻንጣቸውን እንዳስቀመጡ፣ ፀሐይወርቅ መድረሷን ለመንገር ከሆቴሉ ስልክ ወደ ቀጄላ ሱቅ ደወለች። የተናገረችው "በሰላም ገብቻለሁ፣ ሰኞ ሻርጃ እሄዳለሁ፣ ደህና ሁን" ብቻ ነው። ሒሳቡን ሲያሳዩዋት የአራት ቀን ምግቧን የሚሸፍን ነበር።

"አላልኩሽም?" አለች ዚነት። "እዚህ ከሆቴል አይደወልም። መንገድ ላይ የካርድ ስልክ አለልሽ።"

ሰኞ ዕለት ሻርጃ ስትሄድ መጀመሪያ የፈለገችው የካርድ ስልክ ነበር። አገኘችም፤ ችግሩ ከዋናው መንገድ ዳር መሆኑ ነው። ሞተሮቹ ያሉት ሩብ ሰዓት በእግር ተገብቶ፣ በቆርቆሮ አጥር በተከለሉ ግቢዎች ውስጥ ነው። ሞተሩ እዚያ፣ ስልኩ እዚህ። ለመደማመጥ ስልኩ ወደ ሞተሩ መሄድ ነበረበት።

እዚያው ሳለች ተካ የሚባል ደላላ አገኛት። የአገሯ ልጅ ነው፤ ወገቡ ላይ ሞባይል አንጠልጥሏል። አዲስ አበባ ሞባይል ከገባ ገና ጥቂት ወራቱ ነበርና ፀሐይወርቅ ከዚያ በፊት በቅርብ አይታ አታውቅም።

"እህቴ፣ ምን ቸገረሽ?" አላት። "የእኔ ስልክ እያለ! ባልሽ የፈለገውን ይስማ።"

ወደሚያውቀው ግቢ ወስዶ አንድ ሞተር አስነሳላት። ደወለላትና ሞባይሉን ሰጣት። የእንግዳን ድምፅ ስትሰማ "ስማው" አለችው። ሞባይሉን ወደ ሞተሩ አስጠጋችው፤ መልሳ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው እንግዳ እየጮኸ ነበር።

"ከታች ይቀጠቅጣል! ኩሽኔታው አልቋል! እሱን እንዳት—"

ተካ ሞባይሉን ከእጇ ወሰደ። "ካርዱ አለቀ" አላት። "ምን አለ? ጥሩ ነው አለ አይደል? በይ ቀብድ ክፈዪ፣ ሌላ ገዢ አለው።"

"እንዳትገዢ ነው ያለኝ።"

"ከአዲስ አበባ ሆኖ ምን ያውቃል? ደግሞ ስልኬን ተጠቅመሽ ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው?"

ፀሐይወርቅ የደወለችበትን ሒሳብ ከቦርሳዋ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች። እስከ አውቶቡሱ ድረስ በፀሐይ ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ በሰው ስልክ ሞተር አይገዛም። የሚደውልልሽ ሰው የሚሸጥልሽ ሰው ከሆነ መስመሩ የሚቆረጠው እሱ በፈለገ ሰዓት ነው።

*

በማግስቱ ስለ ሞባይል ጠያየቀች። ያለ ወርኀዊ ውል፣ ቀድሞ ተከፍሎ የሚሠራ መስመር እንዳለ ተነገራት። ሆኖም የሚሸጠው የአንድ ዓመት አገልግሎት አንድ ላይ ተደርጎ ነው። ከሞተሩ ገንዘብ ላይ ቆርጣ ብትገዛው የመርከቡን ጭነት መክፈል አትችልም።

"ለስድስት ቀን ብለሽ የዓመት ትገዢያለሽ?" አለች ዚነት። "ተይው፣ እባክሽ።"

ፀሐይወርቅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ዚነት በየወሩ ትመጣለች። ሁለቱ ነጋዴዎችም እንዲሁ። ሦስቱም ሌሊት ሌሊት የልጆቻቸውን ድምፅ ለመስማት የካርድ ስልክ ጋ ይሰለፋሉ። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛቸው "ቁጥሩ አርባ ሁለት ይሁንልኝ" ሊላቸው ቢፈልግ የሚያገኝበት መንገድ የለም። ከዚያ ደግሞ ገዲሴ አለች።

ገዲሴ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት። አራት ዓመት እዚያው አገር ኖራለች፤ ዐረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። እናቷ ላፍቶ ናቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው በስልክ ያገኘቻቸው፤ እናትየው ጎረቤት ስልክ ቢኖርም ልጃቸውን የት ብለው እንደሚደውሉላት አያውቁም ነበር።

ማታ ፀሐይወርቅ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

"አምስት ነን" አለች። "አንድ መስመር እንግዛ። ለአንድ ሰው የዓመት ሲሆን ብዙ ነው፤ ለአምስት ሲሆን ግን የአንድ ጊዜ የሆቴል ስልክ ያህል ነው። ስንሄድ ገዲሴ ጋ ይቀመጣል። እናንተ ስትመጡ ከእሷ ትወስዳላችሁ።"

"ማን ይከፍላል፣ ሲደወል?" አለች አንዷ ነጋዴ።

"ስንደውል ነው የምንከፍለው እንጂ ሲደወልልን አንከፍልም፣ ጠይቄአለሁ። የደወለ የራሱን ካርድ ይሞላል።"

"ቀፎውስ?"

ሁሉም ዚነትን አዩዋት። ዚነት ለአንድ የአዲስ አበባ ደንበኛዋ የገዛችው አዲስ ሞባይል ሻንጣዋ ውስጥ እንደታሸገ ነበር። ፊቷን አኮሳተረች።

"ከጫራችሁት ትገዙታላችሁ፤ ስንሄድ ደግሞ ገዲሴ አሮጌ ቀፎ ትፈልግ" አለች።

"እኔ በነጠላዬ እጠቀልለዋለሁ" አለች ፀሐይወርቅ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። አርብ ከቀትር እስከ ማታ ስልኩን ማንም እንዳይነካብኝ።"

አርብ የመረጠችው በምክንያት ነው። የስልክ ሱቁ ልጅ ለገዲሴ በዐረብኛ እንደነገራት፣ አርብ ዕለት የውጭ አገር ጥሪ ይረክሳል። ገዲሴም የምታርፈው አርብ ነው፤ አስተርጓሚ ትሆናታለች።

ረቡዕ ጠዋት መስመሩን ሊገዙ ሲሄዱ ሱቁ ፓስፖርት ጠየቀ። ፓስፖርታቸውን ደግሞ ሆቴሉ ይዞታል። የሆቴሉ መቀበያ ሠራተኛ "ስትወጡ ነው የሚሰጣችሁ" አለ። ፀሐይወርቅ ባንኮኒው ፊት ቆመች። ሌላ ደንበኛ መጣ፣ ተስተናገደ፣ ሄደ። እሷ ከዚያው አልተነቃነቀችም። ገዲሴም መጥታ ለመነችላት። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ምሳ ሊወጣ ሲል አያት።

"አሁንም አለሽ?"

"አለሁ" አለች በአማርኛ፤ ገባው።

ለአንድ ሰዓት ብሎ ፓስፖርቱን ሰጣት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ መስመሩ በእጇ ነበር።

*

ጎፋ ላይ እንግዳ አርብ ዕለት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቀጄላ ሱቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቱታውን አጥቦ ለብሷል። ቀጄላ ቆርቆሮ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ "ቀስ በል፣ አታንኳኳ" እያለ ያሸማቅቃል።

ሻርጃ ላይ ከጁምዓ ጸሎት በኋላ ፀሐይወርቅና ገዲሴ ከተካ ግቢ በጣም የራቀ ሌላ ግቢ ገቡ። ባለቤቱ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል። ከጥላው ሥር አንድ የታጠበ፣ የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ሞተር አሳዩዋቸው።

ፀሐይወርቅ ደወለች። መስመሩ ተይዟል። እንደገና፤ ተይዟል። ሃያ ጊዜ ያህል ሞከረች፤ ሐጂ ሻይ አስመጥተው ጨረሱ። በመጨረሻ ጠራ።

"ሀሎ!"

"እንግዳ፣ እኔ ነኝ። ደቂቃ እንዳናባክን። ሞተሩ ይኸው።"

ረጅሙን ካቻቢቴ ከጎፋ ይዛው መጥታለች። ሐጂ ሞተሩን ሲያስነሱ ጫፉን ሞተሩ ላይ ተክላ፣ ሞባይሉን እጀታው ላይ ለጠፈችው። የሐጂ ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ያዩዋታል።

"ደህና ይመስላል" አለ እንግዳ። "ግን በጣም ቶሎ ነው የተነሳው። ሳይነሳ በፊት ነክተሽዋል?"

"አልነካሁም።"

"ሞተሩን አስጠፊና ስልኩን ዝጊው። ንኪው።"

ሞባይሉን ዘግታ መዳፏን አሳረፈች። ደቂቃ እንኳ ሳይሠራ ያቃጥላል።

"ሐጂ፣ ይኼ ቀድሞ ተነስቷል" አለች፤ ገዲሴ ተረጎመችላት።

"የአገሩ ፀሐይ ነው" አሉ ሐጂ። "እዚህ ሁሉ ነገር ትኩስ ነው።"

ፀሐይወርቅ ከጎኑ፣ እዚያው ጥላ ሥር ወደተቀመጠው ሌላ ሞተር ሄደችና መዳፏን አሳረፈችበት። ለብ ያለ ነው። የሐጂን እጅ ይዛ መጀመሪያ በዚህ፣ ቀጥሎ በዚያ ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

"ይቀዝቅዝና እንደገና እንሰማዋለን" አለች።

"ሦስት ሰዓት ይፈጃል።"

"እጠብቃለሁ።"

ጎማ ላይ ተቀመጠች። ሐጂ ሌላ ደንበኛ አስተናገዱ፤ አንድ ሱዳናዊ ገዢም በፒካፕ መጥቶ ግቢውን መዞር ጀመረ። ገዲሴ በመካከሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ደቂቃ፣ ላፍቶ ደውላ ቁጥሯን ለጎረቤት አስመዘገበች። ፀሐይወርቅ ራሷ ነበረች ደውይ ያለቻት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ቀዘቀዘ፤ ፀሐይወርቅም ወደ ጎፋ መልሳ ደወለች። ሲነሳ ነጭ ጭስ እየተፋ እንደ ብረት ጣሳ ተንኳኳ። እንግዳ ካቻቢቴው ሳይተከል ገና "አይሆንም" አለ።

"ሌላ አለ?" አለች ሐጂን።

"ለመኪናሽ የሚሆን ያ ብቻ ነው። ያኛው ግን..." ብለው ወደ አጥሩ ጥግ ጠቆሙ። ፊቱ ከተጨፈለቀ የአይሱዙ የጭነት መኪና ውስጥ ያልወጣ ሞተር ነበር፤ አቧራ የለበሰ፣ ውጪው የዛገ። "እሱን ማንም አያይም። መልኩ አስቀያሚ ነው።"

"አስነሱት።"

ባትሪ አመጡ፣ ናፍጣ አገናኙ። በሁለተኛው ተነሳ። ጭሱ ጥቂት ነው። ሱዳናዊው ዞር ብሎ አየና ጠጋ አለ። ፀሐይወርቅ ካቻቢቴውን ተክላ ሞባይሉን አስጠጋች።

"ቆይ" አለ እንግዳ። "ቲክ ቲክ ይላል። ከላይ ነው ከታች? ወደ ታች አድርጊልኝ።"

ወደ ታች አወረደችው።

"ከታችም ይሰማኛል። ፀሐይ፣ ይኼ—"

ሞባይሉ ቲጥ አለና ጸጥ አለ። ብትደውል በዐረብኛ የምትናገር ሴት መለሰችላት። ገዲሴ ሰማችው። "ካርዱ አልቋል፣ እትዬ።"

ካርድ የሚሸጥ በቅርብ የለም፤ የአካባቢው ሱቅ ተዘግቷል። ሐጂ ግቢውን ሊዘጉ ነው። ሱዳናዊው ስለ ዋጋው እየጠየቀ ነበር፤ ነገ ጠዋት ተመልሶ ይወስደዋል። እሷ ደግሞ ከነገ ወዲያ በራሪ ናት።

ሞተሩ እየሠራ ነው። ፀሐይወርቅ ሞባይሉን በነጠላዋ ጠቅልላ ለገዲሴ ሰጠችና የካቻቢቴውን እጀታ የራሷ ጆሮ ላይ አደረገች። ዓይኗን ጨፈነች። ሦስት ዓመት መብራት ይዛ ስትቆም እንግዳ ለሮበሌ ሲነግረው የሰማችው ሁሉ አለ፤ ባልቦላ ሲላላ ከላይ ነው የሚያወራው፣ ቀላል ነው፣ በአንዲት ስስ ብረትና በቁልፍ ይስተካከላል፤ ኩሽኔታ ሲያልቅ ግን ከሆዱ ነው፣ እሱ መቃብር ነው። ከላይ ተከለችው፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ወደ መሐል አወረደችው፤ ራቅ አለ። ሆዱ ላይ ተከለችውና ትንፋሿን ያዘች። ድምፁ እዚያ የለም። ከሩቅ፣ ከላይ የሚመጣ ማሚቶ ብቻ ነው። በሞባይል ውስጥ ግን ላይና ታች አይለይም፤ ሁሉም አንድ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

የዘይቱን ክዳን ከፈተች። ጣቷን ነከረች። ጥቁር ነው፣ ወተት የለበትም።

ሞተሩን አስጠፍታ እንደገና አስነሳችው። እንደገና አዳመጠች።

"ንገሪያቸው" አለች ገዲሴን። "እኔ ወስጄዋለሁ።"

*

ቅዳሜ ገንዘቡን ከፈለች፤ ሞተሩ በዚነት ዕቃ ላኪ በኩል ወደ ጂቡቲ ለሚሄደው ኮንቴይነር ተሰጠ። ካርድ ሞልታ ወደ ጎፋ ደወለች። እንግዳ ከጠዋት ጀምሮ ወንበሩ ላይ ነበር።

"ገዛሁት" አለች።

ወንበሩ ሲንፏቀቅ ሰማች።

"ተይው ልልሽ ነበር። መስመሩ ተቆርጦም 'ተይው፣ ተይው' እያልኩ ስጮህ ነበር። ቀጄላ ምስክሬ ነው። ከታች ይሰማል ፀሐይ።"

"ከታች አይደለም።"

"በምን አወቅሽ?"

"ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ።"

"በአንቺ ጆሮ?"

"በእኔ ጆሮ። ሌላ ምን ነበረኝ? ባልቦላው ነው የላላው። ከተሳሳትኩ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

ከዚያ በኋላ ብዙም አልተነጋገሩም። ስትመለስ እንግዳ ሮበሌ እጁን ይዞት አየር ማረፊያ ድረስ መጥቶ ተቀበላት፤ ሳማት፤ ስለ ሞተሩ አላነሳም። ሐምሌና ነሐሴን እንዲሁ ከረሙ። ቤት ውስጥ ስለ ዝናቡ ይወራል፣ ስለ ኪራይ ይወራል፣ ስለ ሻርጃ አይወራም። ሰፈሩ ግን ያወራ ነበር፤ "ሴትዮዋ የዛገ ብረት ገዝታ መጣች" ተባለ። ፀሐይወርቅ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች። አንዳንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን ያንን ድምፅ በጆሮዋ ታመጣው ነበር፤ ከላይ፣ መሐል፣ ታች። ሁልጊዜ ከላይ ነው። ግን አንድ ሌሊት ከታች መስሎ ተሰምቷት እስኪነጋ አልተኛችም።

ሞተሩ የገባው በ1992 መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ሮበሌ ሁለት ቀን ፈጅቶ ገጠመው። በሦስተኛው ቀን ጋራዡ በመካኒክ ተሞላ፤ ከሳሪስም የመጡ ነበሩ። ቀጄላ ሱቁን ዘግቶ መጣ።

"አስነሳው" አለ እንግዳ።

በመጀመሪያው ተነሳ። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። አንዱ መካኒክ ከንፈሩን መጠጠ። እንግዳ እጁን ዘረጋ፤ ፀሐይወርቅ ካቻቢቴውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ከላይ ተከለው። ወደ መሐል አወረደው። ሆዱ ላይ ተክሎ በጣም ቆየ። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ፣ በሌላ ቦታ፣ እንደገና ሆዱ ላይ። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ።

"አጥፋው" አለ። "ሮበሌ፣ ስሷን ብረትና አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አምጣ።"

የባልቦላውን ክዳን አስፈትቶ አንድ በአንድ፣ በጣቱ እየለካ፣ ራሱ አጠበቃቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሲነሳ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚሠራው።

እንግዳ ቀና ብሎ፣ ሰው ሁሉ ወዳለበት ዞረ። "እኔ ተሳስቻለሁ" አለ ጮክ ብሎ። "እሷ ትክክል ነበረች። ሁላችሁም ስሙ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።" ከዚያ እሷ ያለችበትን ስላላወቀ "ፀሐይ የት ነሽ?" አለ።

"እዚህ" አለች። ሦስት ወር ሙሉ ያልወረደ እንባዋ በመካኒኮቹ ፊት ወረደ፤ አላፈረችበትም።

አይሱዟ በዚያው ሳምንት ወደ ሀና ማርያም ድንጋይ ማውጫ ወጣች። አዲስ ሾፌር ተቀጠረላት፤ የመጀመሪያው ቀን ፀሐይወርቅ ጋቢና ገብታ የውሃውን ሙቀት መለኪያ ጌጅ ስታይ ዋለች።

ወሬው ለመዛመት ብዙ አልቆየም። በጥቅምት ወር ሁለት የሳሪስ ጋራዦች ሞተር እንድታመጣላቸው ጠየቋት። እንግዳ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል።

"እሄዳለሁ" አለቻቸው። "ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። የስልኩን ካርድ ከነገሩ ሁሉ ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፤ ሁለት ካርድ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲኖር። የማልወደውን ሞተር አልገዛም፤ አንዳችሁም 'ለምን' አትሉኝም።"

"እሺ፣ እትዬ ፀሐይ" አሉ።

ሲሄዱ እንግዳ "እኔስ?" አላት። "ቀጄላ ጋ ልቀመጥ?"

"ተቀመጥ" አለች። "መጀመሪያ እኔ እሰማዋለሁ። ከዚያ ላንተ እደውላለሁ።"

በኅዳር መጀመሪያ ላይ ሻንጣዋን አሰረች። ዚነት ዱባይ ቀድማት ስለገባች ገዲሴ ጋ ያለውን መስመር ተረክባ ትጠብቃት ነበር፤ አርብ ከቀትር በኋላ ለማንም እንዳይሰጥ ተብሎ።